ሲቦካ ጥቂት ውሃ፣ ሲጠነክር ብዙ ውሃ፦ የኮንክሪት ጠረጴዛና መደብ በቤታችን

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በገዛ እጃችን ልንሠራው ስለምንችለው የኮንክሪት ጠረጴዛና የማዕድ ቤት መደብ ነው። እስክሪብቶና ወረቀት በቅርብ ያላችሁ ያዙ። ልኮቹን በዝግታ እናገራለሁ፤ ዋና ዋናዎቹንም እደግማቸዋለሁ።

በብዙ ቤቶች ማዕድ ቤቱ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በብሎኬት የቆመ፣ ከላይ አርማታ የተሞላና ሊሾ የተደረገ መደብ አለ። ምድጃው የሚቀመጠው፣ ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ድስቱ የሚወርደው እዚያ ላይ ነው። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን ስንጥቅ ይወጣበታል፤ ሲወለወል አቧራ ይተፋል፤ የፈሰሰበትን ዘይት ይመጥጣል። ሰው ይህን ሲያይ «ሲሚንቶው መናኛ ነበር» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃ አጠቃቀም ነው። ሲቦካ ውሃው በዛበት፤ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ውሃ ተነፈገው። ከዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ኮንክሪት ሲቦካ ውሃ ቆጥቡ፤ ከተሞላ በኋላ ግን ውሃ አትንፈጉት።

ምክንያቱን እናብራራ። ብዙዎቻችን ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። የሲሚንቶው ዱቄት ከውሃ ጋር ኬሚካዊ ውህደት ይፈጥራል፤ ውሃውም የዚያ ድንጋይ አካል ሆኖ ይቀራል። ለዚህም ነው ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ተሞልቶ እንኳ የሚጠነክረው። ወንዝ ውስጥ የቆሙ የድልድይ ምሰሶዎች ምስክር ናቸው። ለዚህ ውህደት ሲሚንቶው የሚያስረው ውሃ የክብደቱን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሰላ 12 ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በዚህ ብቻ ግን ድብልቁ ስለማይገላበጥና ጥግ ስለማይሞላ እንጨምርበታለን። የተጨመረውና ያልታሰረው ውሃ ቀስ በቀስ ሲወጣ ይዞት የነበረው ቦታ ባዶ ይቀራል። በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች ማለት ነው። ጥንካሬ የሚቀንሰው፣ ዘይትና እድፍ የሚገባው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው።

ይህን በሥርዓት አጥንቶ ያሳየው ዳፍ አብራምስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ቺካጎ ውስጥ ከሠራቸው በርካታ ሙከራዎች በመነሳት የኮንክሪትን ጥንካሬ በዋናነት የሚወስነው በውሃውና በሲሚንቶው መካከል ያለው ምጣኔ መሆኑን አስረዳ። መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም ዛሬ በየግንባታው ቦታ የሚሠራበት ሕግ ይኸው ነው። እኛ ለጠረጴዛችን የምንይዘው ምጣኔ ለ1 ኪሎ ሲሚንቶ 450 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው። ለ50 ኪሎ ከረጢት 22 ሊትር ተኩል ይሆናል። 30 ሊትርና ከዚያ በላይ የተጨመረበት ድብልቅ ለመሙላት ይቀላል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንለፍ።

የመጀመሪያው ሲሚንቶ ነው። በአገራችን ገበያ በብዛት የምናገኛቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው፦ ኦፒሲ እና ፒፒሲ። ኦፒሲ ንጹሕ የሚባለው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፤ ቶሎ ይጠነክራል። ፒፒሲ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ አብሮ የተፈጨበት ነው። በእኛ አገር ለዚህ የሚውለው ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣው ቀላሉ ድንጋይ፣ ፓሚስ ነው። የጥንት ሮማውያንም የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ ገንብተዋል። ሮም ከተማ የሚገኘው የፓንቴዎን ጉልላት በዚያ ጥበብ ተሠርቶ ከ1,800 ዓመታት በላይ ቆሟል። ለጠረጴዛ ሁለቱም ያገለግላሉ። ልዩነቱ ፒፒሲ ዝግ ብሎ ስለሚጠነክር ብዙ ቀን ውሃ ይፈልጋል። የትኛውንም ብትገዙ ከረጢቱን ዳስሱት። ውስጡ ጓል ከሠራና በጣት ተጭናችሁት ካልፈረሰ እርጥበት አግኝቶታል፤ አትግዙት።

ሁለተኛው አሸዋ ነው። አሸዋ አፈርና ደለል ካለበት ሲሚንቶው በደንብ አይይዝም። ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ምርመራ አለ። ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ እስከ ግማሹ በአሸዋ ሙሉ፤ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሩ፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ በደንብ ናጡት፤ ከዚያም ሳትነኩት እንዲያድር አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይረጋል፤ ደለሉ ከላዩ ስስ ንብርብር ሆኖ ይቀመጣል። ያ ንብርብር ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ካለፈ፣ ለምሳሌ አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ደለሉ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ አሸዋውን አጥባችሁ ተጠቀሙ።

ሦስተኛው ጠጠር ነው። ለጠረጴዛ ትልቅ ጠጠር አይሆንም። የጠጠሩ መጠን ከገጹ ውፍረት ሲሶ መብለጥ የለበትም። ለ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ደቃቅ ጠጠር ይስማማል።

አራተኛው ብረት ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ኃይለኛ፣ ሲለጥጡት ግን ደካማ ነው። የመለጠጥ ኃይሉ የመጫን ኃይሉን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን ጉድለት በብረት መሙላት ከታላላቅ ሕንፃዎች ብቻ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ጆሴፍ ሞኒየ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1867 የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣው ሽቦ ላስገባባቸው የሲሚንቶ የአትክልት መትከያ ገንዳዎች ነበር። ዛሬ ከተሞቻችንን የሞላው አርማታ ካደገባቸው ሥሮች አንዱ ያ የጓሮ ሥራ ነው። ስለዚህ በጓሯችሁ ጠረጴዛ ለመሥራት ስትነሱ ሥራውን አትናቁት።

ለጠረጴዛችን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተበየደ የሽቦ መረብ ይበቃል።

አሁን በአንድ ምሳሌ እንሥራ፤ ጻፉት። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ። ይዘቱ 36 ሊትር ነው። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የዚህ ገጽ ክብደት 86 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ክብደት ምን እንደሚሸከመው አስቡ። ስስ የቺፕውድ ቁም ሳጥን አይችለውም፤ የብሎኬት ግንብ ወይም በደንብ የተበየደ የብረት እግር ያስፈልገዋል።

ድብልቁ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 2 እጅ ጠጠር ነው። እደግማለሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት። ለምሳሌያችን ሲሚንቶ 11 ሊትር፣ በክብደት 16 ኪሎ ገደማ፤ አሸዋ 22 ሊትር፤ ጠጠር 22 ሊትር፤ ውሃ 7 ሊትር። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ባልዲ ስፈሩ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውሃ ይዞ መጥቷልና ከ7 ሊትሩ ላይ ቀንሱ።

ቀጥሎ ሳጥኑ ነው፤ ኮንክሪቱ ቅርጽ የሚይዝበት ፎርማ ማለቴ ነው። የጠረጴዛ ገጽ የሚሞላው ተገልብጦ ነው። ነገ ላይ ሆኖ የሚታየው ፊት ዛሬ ከሳጥኑ ወለል ጋር ተጣብቆ ይተኛል። ስለዚህ የወለሉ ልስላሴ የጠረጴዛው ልስላሴ ይሆናል። ላሚኔት የተለበጠ ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔርሳቶ ምረጡ። በውሃ ልክ አስተካክላችሁ በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ጎኖቹን በብሎን ሰብስቡ፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፎች ለኩ። እኩል ከሆኑ ሳጥናችሁ ልክ ነው። መጋጠሚያዎቹን በሲልከን ድፈኑ፤ ሲልከኑን በጣት እየጠረጋችሁ ስትሄዱ የጠረጴዛው ጠርዝ ለስለስ ያለ ዙር ይኖረዋል። ሲልከኑ ከደረቀ በኋላ ወለሉንና ጎኖቹን በጣም ስስ አድርጋችሁ ዘይት ቀቡና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። የተጠራቀመ ዘይት ገጹ ላይ ጥላ ይተዋል።

ለሲንክ ወይም ለቧንቧ ቀዳዳ የምትፈልጉ ከሆነ ቦታውን በፎም ቆርጣችሁ ሙሉት፤ ለቧንቧው የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አቁሙ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ማዕዘን ነው። የፎሙን ማዕዘኖች ዙር አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ዘንድም አጭር ፌሮ ሰያፍ አድርጋችሁ ከመረቡ ጋር እሰሩ።

መረቡ የት ይቀመጥ? ገጹ ጫፍና ጫፉ ላይ ተደግፎ ዕቃ ሲጫንበት የሚለጠጠው ሆዱ ነው፤ ብረቱም ወደ ሆዱ መቅረብ አለበት። እኛ ገልብጠን ስለምንሞላ ሆዱ አሁን ከላይ ያለው ክፍት ወገን ነው። ስለዚህ መረቡ ከሳጥኑ ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ከሥሩ ጠጠር ወይም ቁራጭ ነገር አታስደግፉት፤ ያ ቁራጭ ፊቱ ላይ ይታያል። በሳጥኑ ላይ ጣውላ አጋድሙና መረቡን በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሉት። ከተሞላ በኋላ ሽቦው ይቆረጣል። መደቡ ከድጋፉ አልፎ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ግን የሚለጠጠው ወገን ይገለበጣል፤ በዚያ ክፍል ላይኛው ፊት ነው የሚለጠጠው። እንዲህ ያለውን ጠርዝ ከ20 ሴንቲ ሜትር አታሳልፉት።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ ማቡካት ከመጀመራችን በፊት ስለ ጤናችን እንነጋገር። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ቃጠሎው ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ነው ቁስሉ የሚታየው። የላስቲክ ጓንት አድርጉ፤ ቦት ጫማ ልበሱ፤ ጓንታችሁ ውስጥ ከገባ አውልቃችሁ ወዲያው ታጠቡ። ዱቄቱን ስትገለብጡና በኋላም ገጹን ስትሞርዱ አፍና አፍንጫችሁን የሚሸፍን መከላከያ አድርጉ፤ የአሸዋና የጠጠር ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ እያጠባችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። ሕፃናትን አርቁ።

አሁን እናቡካ። መጀመሪያ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠሩን በደረቁ አገላብጡ፤ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ከ7 ሊትሩ ውሃ 5ቱን ጨምራችሁ አሹት። ቀሪውን በኩባያ በኩባያ እየጨመራችሁ ሁኔታውን ተመልከቱ። የምትፈልጉት በአካፋ ሲነሳ እንደ ጥሩ ገንፎ ክብ ብሎ የሚቆም፣ ሲነቀነቅ ግን የሚተኛ ድብልቅ ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ደረቅ ይመስላል፤ እጅ ወደ ባልዲው ይሄዳል። ታገሡ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስታሹት ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ማለስለስ ካስፈለገ መፍትሔው የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሚሸጡት ፕላስቲሳይዘር የሚባል ፈሳሽ ነው። ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን ያለሰልሳል፤ መጠኑን ከዕቃው ላይ አንብባችሁ ጨምሩ። ቀለም የምትፈልጉ ደግሞ ለሲሚንቶ የሚሆን የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ከሲሚንቶው ክብደት እስከ 5 በመቶ ድረስ በደረቁ ቀላቅሉ።

ሙሌቱን ከአንድ ጥግ ጀምሩ። እስከ ግማሽ ከሞላችሁ በኋላ የሳጥኑን ጎንና ሥር በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን ምቱ። አረፋ እየሆነ የሚወጣው ውስጥ የታሰረው አየር ነው፤ ካልወጣ ፊቱ ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ ቀሪውን ሙሉ፤ እንደገና ምቱ፤ አረፋው ሲያቆም እናንተም አቁሙ። ላዩን ቀጥ ባለ ጣውላ እየጎተታችሁ አስተካክሉ። ይህ ወገን ሆዱ ስለሆነ የግድ መለስለስ አያስፈልገውም።

እስካሁን ውሃ ስንቆጥብ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን እጃችን ይፈታል። ሙሌቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ውሃ እንደጠፋ ወዲያው በላስቲክ ሸፍኑት። በተለይ በበጋ፣ አየሩ ደረቅና ነፋሻ በሆነበት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚበረታበት ጊዜ፣ ያልተሸፈነ ኮንክሪት ገና ሳይጠነክር ላዩ ይሰነጠቃል። ጠዋት በማለዳ፣ በጥላ ሥር ሙሉ። በማግስቱ ከላይ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፤ በላዩ ላስቲክ መልሱበት፤ ጆንያው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። በሁለተኛው ቀን ጎኖቹን ማውለቅ ይቻላል፤ መገልበጥ ግን ከ7 ቀን በፊት አይቻልም። በኦፒሲ ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን እርጥብ ይሁን። ይህ የውሃ ጊዜ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። ኮንክሪቱ ገጹ ሲጠነክር «አለቀ» ብለን እንተወዋለን፤ ውስጡ ያለው ሲሚንቶ ግን ገና ውሃ እየፈለገ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስትገለብጡት ሦስት ወይም አራት ሰው ሁኑ። መጀመሪያ በጠርዙ አቁሙት፤ ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ቀስ ብላችሁ አስተኙት። ከቦታ ወደ ቦታ ስትወስዱትም በጠርዙ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይሂድ፤ ተኝቶ ሲነሳ መሐሉ ላይ ይሰበራል። ስታስቀምጡት ከሥሩ ጣውላ አድርጉለት፤ አየር በሁለቱም ወገን ካልዞረው አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ይቆለመማል።

ፊቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ቢታይ አትደንግጡ። ሲሚንቶ በጥቂት ውሃ ወፍራም አድርጋችሁ በጥብጡና በፕላስቲክ መፋቂያ እየገፋችሁ ሙሉት። ሲጠነክር በውሃ በሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት እያራሳችሁ ፈትጉት፤ ከሸካራው ጀምራችሁ ወደ ለስላሳው። ጠጠሩ እንዲታይ የምትፈልጉ በግራይንደርና በአልማዝ ዲስክ መሞረድ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ አደገኛ ናቸው። ለእርጥብ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ከሌላችሁ ይህን ለባለሙያ ተዉት።

የመጨረሻው ደረጃ ሽፋን ነው። ኮንክሪት አሲድ አይችልም። ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም፣ ጠጅ የሲሚንቶውን አካል ይበሉታል፤ የፈሰሱበት ቦታ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ዘይት፣ በርበሬና እርድ ደግሞ ቀለም ይተዋሉ። በየቀኑ ወጥ ለሚሠራበት ማዕድ ቤት እነዚህ ሁሉ የዘወትር ነገሮች ናቸውና ሽፋን የግድ ነው። ሽፋኑ የሚቀባው ገጹ 28 ቀን ከሞላውና በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። ለማዕድ ቤት መደብ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚቀባው ኢፖክሲ ወይም ፖሊዩሪቴን ጥሩ መከላከያ ነው፤ ምግብ ለሚነካ ገጽ እንደሚሆን ዕቃው ላይ ማንበብ ግን ያስፈልጋል። ለቡና ጠረጴዛ ያህል ከሆነ የተልባ ዘይት ስስ አድርጎ እየቀቡና እየወለወሉ፣ በላዩም ንጹሕ የንብ ሰም ማሸት ውብ ገጽ ይሰጣል፤ በየጊዜው ግን መታደስ አለበት። የተልባ ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ሽፋኑ መሥራቱን ለማወቅ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉ። ጠብታው ሳይሰርግ ከቆመ ሽፋኑ ይዟል፤ ከሥሩ ከጠቆረ አልያዘም። ትኩስ ድስት በቀጥታ አታስቀምጡበት፤ ኮንክሪቱ ቢችለው ሽፋኑ አይችለውም። መክተፊያችሁንም አትተዉ።

ውድ አድማጮች፣ ዋና ዋናዎቹን ልድገም። ድብልቁ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት። ውሃው ለ1 ኪሎ ሲሚንቶ 450 ሚሊ ሊትር። መረቡ ወደ ሆዱ የቀረበ። እርጥብ የሚቆይበት ጊዜ ለኦፒሲ 7 ቀን፣ ለፒፒሲ ከ10 እስከ 14። ሽፋኑ ከ28 ቀን በኋላ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ በትልቁ አትጀምሩ። 40 በ40፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የትንሽ ጠረጴዛ ገጽ ሥሩ። ክብደቱ 15 ኪሎ ነው፤ 3 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶና 1.3 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃዋል። እዚያ ላይ ድብልቁ ምን ያህል ወፍራም መሆን እንዳለበት ዓይናችሁም እጃችሁም ይማራል።

ይህን እውቀት ከጠረጴዛ በላይ እንደምትፈልጉት አምናለሁ። ብዙዎቻችሁ ቤት እየሠራችሁ ነው፤ ወይም ልትሠሩ ትቆጥባላችሁ። የአርማታ ቀን ሲመጣ ሥራው ይቸኩላል፤ ድብልቁ ሲከብድ አንዱ ሠራተኛ ባልዲ ውሃ ይጨምርበታል፤ በማግስቱም ኮለኑን ውሃ የሚያጠጣ ሰው አይገኝም። ልጆቻችሁ ከሥሩ የሚያድሩበትን ጣሪያ የሚሸከመው ያ ኮለን ነው። በእጁ አቡክቶ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ያየ ባለቤት ያን ባልዲ በአክብሮት ግን በቁርጥ ያስቆማል፤ ቱቦውንም ራሱ ይዞ ጠዋትና ማታ ያጠጣል።